የጎርፋው ፎቶግራፍ

የዛሬን አያድርገውና፣ በሞያሌ የወተት ሻጭ መምጣቷ ከሩቅ በጭሱ ይታወቅ ነበር። አሁን ወተቱ ሁሉ በቢጫ ጀሪካን ሆነ፤ ጀሪካን ደግሞ ምን ቢያጥቡት የሚሸተው ጀሪካን ነው። ባለፈው ሰሞን ከሶኮ፣ ከገበያው ማለት ነው፣ ቲማቲም ገዝቼ ስመለስ፣ ቦዳቦዳዎቹ፣ ባለሞተር ታክሲዎቹ፣ ከሚሰለፉበት ማዕዘን ላይ አንዲት ሴትዮ በትከሻዋ ያንጠለጠለችው ነገር በአጠገቤ ሲያልፍ ያ የድሮ ጭስ አፍንጫዬን ያዘው። ቀጥ ብዬ ቆምኩ። በእኔ ዕድሜ መንገድ መሀል መቆም ጥሩ አይደለም፤ አንዱ ባለሞተር “ምዜ” እያለ ጥሩምባውን ነፋብኝ። ሽማግሌው ማለቱ ነው፤ እውነቱን ነው። ሴትዮዋ በጥሩምባው ዞር ስትል ለካ ዳርሜ ናት፣ የአዮ ታላሶ ልጅ። ጸጉሯ ሸብቷል፣ ጥርሷ ጎድሏል፣ ሌሶ የሚሉትን ጨርቋን ግን ልክ እንደ እናቷ በግራ ትከሻዋ ላይ ቋጥራዋለች። ልጇን ልትድር ከኡራን ተነስታ እዚህ አጠገባችን ኦዳ ድረስ መምጣቷን ነገረችኝ። ያንጠለጠለችው ጎርፋ ነበር፤ የቦረና ሴቶች ከእንጨት ሥር ፈትል እየጎነጎኑ የሚሠሩት የወተት ዕቃ። ሙሽራ ያለ ጎርፋ ከእናቷ ቤት አትወጣም፤ የዳርሜን እናት ጎርፋ ግን ምስጥ ጨርሶታል፣ ይሄኛውን ኦቦ በምትባል መንደር ካለች አንዲት አሮጊት ተውሳ ነው ያመጣችው፣ ከሠርጉ በኋላ ይመለሳል። የሚሠራ እጅ ጠፋ አለችኝ፤ እሷም ሞክራ አልሆነላትም። ሠርጉ ሳይደርስ ቤትህ መጥቼ ሻይ እጠጣለሁ ብላኝ ተለያየን። እኔም ቲማቲሜን ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ፤ ልቤ ግን ናይሮቢ፣ አንዲት መስኮት የሌላት ክፍል ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ።

አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ከመሀል አገር ጭኖ ወርዶ መኪናው እዚህ ተበላሸበት፤ መለዋወጫ ሲጠብቅ እናቴን አስመጣ፤ መለዋወጫው ሳይመጣ እኔ ተወለድኩ። አገሩን የለመድነው እንዲህ ነው። እናቴ በኬንያው ሞያሌ፣ ያኔ ድንበሩን ይዘጋ ከነበረው ገመድ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ያላት ሆቴል ከፈተች። ሆቴል ይበሏት እንጂ ከጥቂት ጠረጴዛና ከአንድ ምድጃ በቀር ምንም አልነበራትም። ማማ ተክሉ ይሏት ነበር፣ በእኔ ስም። ሻይ በሳንቲም ነው፤ በብር ክፈል በሽሊንግ፣ እናቴ ሁለቱንም አንድ ጣሳ ውስጥ ነው የምትጥለው። ጎረምሶቹ ከታች የሚሰፋ ሱሪ ለብሰው፣ ጸጉራቸውን አጎፍረው፣ ደጃፏ ላይ ቆመው ሬዲዮ ይሰማሉ፤ የአዲስ አበባው ዘፈን ሲያልቅ የናይሮቢው ሩምባ ይቀጥላል፤ ለሁለቱም እኩል ትከሻቸውን ይሰብቃሉ። አቧራው የሱሪያቸውን ጫፍ በቀይ ቀለም ይነክረዋል። ዛሬ እዚያው ቦታ ላይ በሞባይል ገንዘብ የሚልክ ሱቅ አለ፤ ወጣቶቹ አሁንም ደጃፉ ላይ ይቆማሉ፣ ሁሉም ግን በየጆሮው የየራሱን ነው የሚሰማው። አዮ ታላሶ በዝናቡ ወራት ግመሎቿን ኦዳ ዙሪያ እያሰማራች በየጠዋቱ ወተት የምታመጣልን ሴት ነበረች፤ በበጋ ወደ ኡራን ትሄዳለች። አዮ እናቴ ማለት ነው፤ እንዲህ የምጠራት በከንቱ አይደለም። እኔ እንደተወለድኩ እናቴ በወባ ወድቃ ጡቷ ስለደረቀ ያሳደገኝ ያ በጭስ የታጠነ ወተት ነው። የታላሶ አማርኛ ስብርብር ያለ ነበር። እኔን ስታይ ግን በሦስት ቋንቋ ትሰድበኛለች፤ ከስተሃል፣ ጠቁረሃል፣ ይቺ እናትህ አታበላህም ወይ እያለች።

እንዴት ፊዚክስ ውስጥ ገባህ ለሚለኝ ሰው መልሴ አጭር ነው፤ የአባቴ መኪና ሲፈታና ሲገጠም እያየሁ ነው ያደግሁት። ናይሮቢ ወርጄ ተማርኩ፤ ከዚያ አንድ ብርዳማ አገር ተልኬ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የሚባለውን ማሽን መያዝ ተማርኩ። ተራው ማይክሮስኮፕ በብርሃን ያያል፤ ብርሃን ግን ለጥቃቅን ነገር ጣቱ ወፍራም ነው፣ በጓንት መርፌ ለማንሳት እንደመሞከር ይሆናል። ስለዚህ በብርሃን ፈንታ ኤሌክትሮን እንልካለን። ሽቦ አግለን ኤሌክትሮኑን እናስፈነጥረዋለን፣ በማግኔት እንሰበስበዋለን፣ አየሩ በተመጠጠ ረጅም ቱቦ ቁልቁል ወርዶ ናሙናውን አልፎ ታች ያለው አረንጓዴ ሰሌዳ ላይ ጥላ ይጥላል። ያንን ጥላ ነው ዕድሜዬን ሙሉ ሳይ የኖርኩት። ባልደረቦቼ ስለ በሽታ ይመራመራሉ፤ የእኔ ሥራ ማሽኑን በሥራ ላይ ማቆየት ነበር። ሽቦው ሲቃጠል መቀየር፣ አየር የሚገባበትን ቀዳዳ ማሰስ፣ ጨለማ ክፍል ገብቶ ፊልም ማጠብ። ማሽኑ ግመል አልነበረም፣ ውሃ ሲያጣ አይታገሥም፤ ፓምፑ የሚቀዘቅዘው በውሃ ስለሆነ የከተማው ቧንቧ በደረቀ ቁጥር አጥፍተነው ሻይ ልንጠጣ እንወጣለን። ናይሮቢ ዶክተር ይሉኝ ነበር። ሞያሌ ለዕረፍት ስመጣ ግን ሥራዬን ጠይቀው ከተረዱ በኋላ ፉንዲ አሉኝ፤ ጠጋኝ፣ አስተካካይ ማለት ነው። እናቴ ተቀየመች። እኔ ከዚያ የተሻለ ስም እስካሁን አላገኘሁም።

ያ ዓመት የድርቅ ዓመት ነበር፤ የትኛው ብላችሁ አትጠይቁኝ፣ በእኛ አገር ድርቁ ብዙ ነው። ከሞያሌ ናይሮቢ ከብት ጭኖ የሚመላለስ ኢሳቅ የሚባል የአባቴ ወዳጅ ነበር፤ ሎሪው ወደሚራገፍበት ሰፈር እየሄድኩ የቤት ወሬ እሰማለሁ። ያን ቀን ከጋቢናው ጎርፋ አውጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠ። መልእክቱን በቃል ነው ያመጣው። የታላሶ ግመሎች ግልገሎች አፋቸው ቆሰለ። የእንስሳት ሐኪም መጥቶ አየና ፈንጣጣ ሊሆን ይችላል፣ ተራ የአፍ እከክም ሊሆን ይችላል፣ በዓይን ሲያዩአቸው መንታ ናቸው፣ የሚለያቸው ናይሮቢ ያለው ትልቁ ማይክሮስኮፕ ነው ብሎ ሄደ። ልዩነቱ የሞት ሽረት ነው። እከኩ በራሱ ጊዜ ይድናል። ፈንጣጣው ግን ግልገል ይጨርሳል፣ ከመንጋ ወደ መንጋ ይዛመታል፤ በኡራን ደግሞ ፈንጣጣ የገባበት መንጋ ከጋራው ጉድጓድ ውሃ አይጠጣም። የጉድጓዱን ተራ የሚያስከብር ሰው አባ ሄሬጋ ይባላል፤ ያኔ ጃተኒ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ቁርጡ እስኪታወቅ ብለው የታላሶን ተራ አገዱ። በዚያ በጋ ለመንጋ የሚበቃ ሌላ ውሃ አልነበረም። ታላሶ የሐኪሙን ነገር ስትሰማ፣ እሱ ማሽን ያለው የኔ ልጅ ዘንድ ነው አለችና የግልገሎቹን የቁስል ቅርፊት ላከችልኝ። ማሽኑ የመንግሥት መሆኑን የሚነግራት ሰው አልተገኘም።

ጎርፋውን ስከፍተው ጭሱ ክፍሉን ሞላው። ዋንጂኩ የምትባል ባልደረባ ነበረችኝ፣ የቫይረስን ነገር የምታውቀው እሷ ናት፤ አፍንጫዋን ይዛ ምንድነው የተቃጠለው አለችኝ። ነገሩ ሲገባኝ ሳቄ መጣ። ታላሶ ለትልቅ ጉዳይ የሚሆን ንጹህ ዕቃ የምታውቀው አንድ ነው፤ የታጠነ ጎርፋ። የጋለ እንጨት ውስጡ ከትታ፣ አገላብጣ፣ ለሙሽራ እንደሚታጠነው አድርጋ አጥናዋለች። ቅርፊቶቹ ጥላሸት ለብሰው ከሰል መስለዋል። እንዲህ ያለው ንጽሕና ለወተት እንጂ ለኤሌክትሮን አይሆንም። ወቅጠን፣ በውሃ በጥብጠን፣ ከምስር በማትበልጥ የመዳብ ወንፊት ላይ ጠብ አድርገን፣ ቀለም አስነክተን አስገባነው። አረንጓዴው ሰሌዳ ላይ የወጣው ጥላሸት ነው፣ እንደ ዶቃ የተያያዘ ጥላሸት። ደግመን ሞከርን፤ ያው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነብን። ዋንጂኩ ሌላ ናሙና ይላኩ አለች። ሌላ ናሙና ማለት ሎሪው ሄዶ እስኪመለስ ነው፤ ግመል ብትታገሥ ግልገል አይታገሥም። በኋላ ወፍራም ወፍራሙን ቅርፊት መርጠን በምላጭ መሰንጠቅ ጀመርን፤ ጥላሸቱ ላዩ ላይ ቀርቷል፣ ውስጡ ንጹህ ነው። ይህን አዘጋጅተን ስንጨርስ የከተማው ውሃ ጠፋ። ማሽኑ ቆመ። ታላሶ ኡራን ውሃ ተከልክላ፣ እኔ ናይሮቢ ውሃ ጠፍቶብኝ፣ ሁለታችንም ተቀመጥን።

ውሃው እንደተመለሰ አየሁት። ፈንጣጣ ቢሆን ጡብ ነው የሚመስለው፣ ማዕዘን ያለው ነገር። ይሄ ግን ሞላላ ነው፤ ላዩ ላይ ክር የመሰሉ መስመሮች ከወዲህም ከወዲያም መጥተው ይሻገራሉ፣ ይጠላለፋሉ። እጄን ከመዘወሪያው ላይ አነሳሁ። ሽመናውን አውቀዋለሁ። አፌን ደግኜበት ያደግሁት ጎርፋ ነው። ዋንጂኩን ጠራኋት፤ ተጠግታ አይታ፣ የአፍ እከክ ነው አለች። ለማሽን ሰው ደስታ ማለት ፊልም ማንሳት ነውና አነሳሁ፤ አጠብኩ፤ በትልቅ ወረቀት አተምኩ። ማየት ማመን ነው ብዬ ፎቶውን ከነጎርፋው አንድ ላይ ጠቅልዬ ለኢሳቅ ሰጠሁት። ፈንጣጣ አይደለም፣ እከክ ነው፣ ይኸውላችሁ መልኩ በላቸው አልኩት።

ኢሳቅ ሲመለስ ፊቱን አልወደድኩትም። ሽማግሌዎቹ ፎቶውን ከዛፍ ሥር ዘርግተው አዩት፤ አጠገቡ ጎርፋውን አስቀምጠው አዩት፤ ከዚያ ሳቁ። ይሄማ ጎርፋው ነው፤ ልጁ የተላከለትን ዕቃ ከቅርብ ፎቶ አንስቶ መለሰልን፤ ወተቷን ጠጥቶ ያደገ ልጅ ምን ያድርግ አሉ። አማርኛ ቢናገሩ ኖሮ፣ ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ይሉ ነበር። የቀረኝን ፎቶ አውጥቼ እንደገና ሳየው አልፈረድኩባቸውም፤ እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን የምለው ያንኑ ነው። ታላሶስ ምን አለች ብዬ ጠየቅሁት። ጎርፋውን አንስታ ወደ ግመሎቿ ሄደች አለኝ። ዳርሜ ያኔ ኮረዳ ናት፣ ከሩቅ ኩሬ በአህያ ውሃ እያመላለሰች ግልገሎቹን ታጠጣለች፤ ትልልቆቹ ግን ከተኙበት መነሳት እያቃታቸው ነው።

ፈቃድ ጠይቄ የኢሳቅ ሎሪ ላይ ወጣሁ። ዛሬ አስፋልቱ መስታወት ሆኗል፣ ሰዉ አውቶቡስ ውስጥ ተኝቶ ሞያሌ ይነቃል፤ ያኔ ግን መንገዱ ሰው ይፈጭ ነበር። ኢሳቅ አንዲት ካሴት ብቻ ነበረችው፣ ባንዱ በኩል የሱዳን፣ ባንዱ በኩል የአማርኛ ትዝታ፤ እስክንደርስ ሁለቱንም በቃሌ ያዝኩት። እናቴ ጋ ሻይ ጠጥቼ፣ ሱሪዬን ኪኮይ በሚባለው ሽርጥ ለውጬ፣ በሌላ ሎሪ ኡራን ገባሁ። ታላሶ ስታየኝ አላቀፈችኝም። ከስተሃል አለች። ግልገሎቹን አንድ በአንድ አሳየችኝ፤ አፋቸውን በእጄ ከፍቼ አየሁ፣ በዚያው እጄም የፊቴን ላብ ጠረግሁ። ስለ ፎቶው አንድም ቃል አልተናገረችም፤ ብቻ ከኋላዬ እየተከተለች ኪኮይዬ ላይ የተጣበቀ እሾህ ስትለቅም ነበር።

ጃተኒ ከግራር ጥላ ሥር፣ ነጭ ሽርጥ አገልድመው፣ በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። ከታች ጉድጓዱ ውስጥ ውሃ ቀጂዎቹ ባልዲ እየተቀባበሉ ይዘፍናሉ፤ እዚያ ያለ ዘፈን ውሃ አይወጣም፣ ተረኛውን መንጋ በስሙ ጠርተው ያወድሱታል። የታላሶ መንጋ ስም በዚያ ዘፈን ውስጥ ከጠፋ ሰንብቷል። ስለ ቫይረስና ስለ ኤሌክትሮን በቦረንኛ ለማስረዳት ሞከርኩ፤ ቃሉ ከየት ይምጣ። ሽማግሌው እስክጨርስ ጠብቀው ፎቶውን በበትራቸው ጫፍ ወደ ጎን ገፉት።

“አንተ በዓይንህ አየኸው?”

“አየሁት፣ አባ።”

“ያየኸውን ካወቅኸው አትፈራውም። ከእነዚያ ግመሎች ወተት ጠጣ።”

ታላሶ ተቆጣች። ልጄ እንግዳ ሆኖ መጣ እንጂ ተከሶ አልመጣም አለች። እኔም እንደ ተማረ ሰው ማስረዳት ያዝኩ። ወተቱን መጠጣቴ ምንም አያረጋግጥም፣ ፈንጣጣውም ቢሆን ሰውን እምብዛም አይነካም፣ ጠጥቼ ደህና ብሆን ስለ ግመሎቹ ማስረጃ አይሆንም አልኳቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ።

“ስለ ግመሎቹ አልጠየቅሁህም” አሉ። “ስለ አንተ ነው የጠየቅሁህ።”

እንግዲህ ይምጣ አልኩ። ታላሶ ፊቴን አይታ ተነሳች። ያንኑ ጎርፋ ሳትቸኩል አጠነች፣ አለበች፣ በሁለት እጇ ይዛ ሰጠችኝ። ጭሱ ጉሮሮዬን ያዘው፤ ናይሮቢ ያሰቃየኝ ጥላሸት ጥርሴ መሀል ገባ። እስከ መጨረሻው ጠጣሁት፤ ጣፋጭ ነበር። ጃተኒ አፌን ስጠርግ እስኪያዩ ጠበቁና ወደ ጉድጓዱ ዞረው አንድ ነገር ተናገሩ፤ የታላሶ መንጋ ከሁሉም በኋላ ይጠጣ። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ከጉድጓዱ ሥር በዘፈኑ ውስጥ የመንጋዋ ስም ተጠራ። ታላሶ ሌሶዋን ፊቷ ላይ ጎትታ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ምን እደብቃለሁ።

ናይሮቢ ከተመለስኩ ጥቂት ቆይቶ ከንፈሬ ላይ ቁስል ወጣ። ዋንጂኩ ሳቀችብኝ፤ እከኩ አልፎ አልፎ ሰውንም ይይዛል አለች። ከወተቱ ይሁን ግልገሎቹን ከነካው እጄ እስካሁን አላውቅም። ቅርፊቱን አንስታ አዘጋጀችው፤ ጥላሸት የሌለበት፣ እንከን የማይወጣለት ናሙና። ያው ሽመና አረንጓዴው ሰሌዳ ላይ ቁልጭ ብሎ ወጣ። በሥራ ዘመኔ ካነሳሁት ፎቶ ሁሉ ጥራቱ እሱን የሚያህል የለም። አትሜ ቤቴ ሰቀልኩት። ለኡራን ሽማግሌዎች ልላከው ብዬ ነበር፤ ተውኩት፤ ደግሞ ጎርፋ ላከልን እንዲሉኝ ነው? ግልገሎቹም ድነዋል፣ ማስረጃ የሚፈልግ ሰው አልነበረም። ለዕረፍት ስመጣ ለታላሶ ነገርኳት፤ ከንፈሬ ላይ የቀረውን ምልክት በአውራ ጣቷ ዳበሰችና፣ እንግዲህ አንተም ከግልገሎቼ አንዱ ሆንህ አለችኝ። የገባት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

ማሽኑ አሁን የለም። ጡረታዬ ሲቃረብ በኮምፒውተር የሚሠራ አዲስ ማሽን መጣ፤ ፊልም ማጠብም ቀረ። አሮጌውን ኮሪደር ላይ አቁመው አቧራ ጠጣ፤ የመጨረሻ ቀኔ በአጠገቡ ሳልፍ ጎኑን መታ መታ አደረግሁት። ሞያሌ ስመለስ ገመዱ ቀርቶ በቦታው ትልቅ የድንበር ሕንጻ ቆሟል። እናቴም ታላሶም ጃተኒም አፈር ለብሰዋል። ጠባሳዬን ጢሜ ሸፍኖታል። ፎቶው ግን ሳሎኔ ግድግዳ ላይ ነበረ፤ የሚጠይቀኝም የለም፣ ሰው የሚመስለው የቅርጫት ሥዕል ነው።

ዳርሜ ቃሏን አክብራ መጣች። ወተት የበዛበት ሻይ አቀረብኩላት። ገና ሳትቀመጥ ፎቶውን አየችው፤ ተጠጋች።

“እስካሁን አስቀምጠኸዋል?” አለችኝ። “ለእናቴ ብለህ የዋሸህበትን?”

ጆሮዬ የተሳሳተ መሰለኝና ምን አልሽ አልኳት። ወንበር ላይ ተቀምጣ እንደ ተራ ወሬ ነገረችኝ። ያኔ ኡራን ውስጥ ፎቶው የጎርፋው መሆኑን ያላወቀ ሰው አልነበረም። ጃተኒ ያውቃሉ። እናቷም ታውቃለች፤ እስክትሞት ድረስ ስትመርቀኝ፣ ተክሉ ለእኔ ሲል ዋሸ፣ በዋሸበትም ላይ ወተቱን ጠጣበት፣ ልጅ ማለት እንዲህ ነው ትል ነበር።

“አንተ ዋሸህ” አለች ዳርሜ፣ “ዋቃ እውነት አደረገልህ።”

ዋቃ እግዜር ማለት ነው። ደሜ ፈላ። ዕድሜ ልኬን የተከፈለኝ ያላየሁትን አየሁ እንዳልል ነው። ኤሌክትሮኑን፣ ዋንጂኩን፣ ከንፈሬን፣ ሁሉንም ልዘረግፍላት አፌን ከፈትሁ። እሷ ግን እንደገና ተነስታ ፎቶው ፊት ቆማለች። በጣቷ አንዱን ክር ትከተላለች፣ ከየት መጥቶ የት እንደሚሻገር፤ ትመለሳለች፣ ሌላውን ትከተላለች። እናቷ እዚህ ላይ ሁለቱን እንዲህ ታሻግር ነበር አለች፤ እሷ ጎርፋ መሥራት ያቃታት ይሄ መሻገሪያ ጠፍቶባት ነው። እናቷ ለማንም አላሳየችም፣ ለእሷም ሳትነግራት ሞተች።

አፌን ዘጋሁ። ፎቶውን ከሚስማሩ አውርጄ አቧራውን በእጅጌዬ ጠረግሁት።

“የእናትሽ ጎርፋ ነው” አልኳት። “ውሰጂው፤ እያየሽ ለልጅሽ ሥሪላት።”

በሌሶዋ ጠቅልላ ደረቷ ላይ አቅፋው ሄደች፤ ሻይዋን አልነካችውም። እንግዲህ ለታላሶ ብሎ ዋሸ የምባል ከሆነ፣ የዋሸሁት ያን ዕለት፣ ሳሎኔ ውስጥ ነው።